በረዶ አሸንዳ ሲዘጋ፦ ቤትንና ጎተራን ከክረምት ፍሳሽ መጠበቂያ

በደጋው የሀገራችን ክፍል ክረምት ሲገባ፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ነፋሱ ይነሣል፤ ነጎድጓዱም ይከተላል። ወዲያው የቆርቆሮው ጣሪያ፣ በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ መደማመጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ይንጫጫል። የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በረዶም ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁሉም ጸጥ ሲል ግቢው ነጭ ለብሷል፤ ልጆች በረዶ ሊለቅሙ ይወጣሉ። የቤቱ እመቤት ግን ሌላ ድምፅ ትሰማለች፤ ከኮርኒሱ ጥግ ጠብ፣ ጠብ የሚል። ለዓመታት አፍስሶ የማያውቅ ቤት በዚያ ቀን አፈሰሰ።

ብዙ ጊዜ በደሉ በቆርቆሮው ይሳበባል። «በረዶው በሳው» ይባላል። ይሁን እንጂ ጣሪያው ተመርምሮ አንዳችም አዲስ ቀዳዳ የማይገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ውሃው የገባው ቆርቆሮውን በስቶ ሳይሆን መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። አሸንዳውንና የውሃ መውረጃ ቱቦውን የዘጋው በረዶ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን ጣሪያው ጫፍ ላይ አቁሞታል። ይህ ጽሑፍ የበረዶ ግድብ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በቤት፣ በእህልና በከብት በረት ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ከክረምት በፊት፣ በረዶው በሚወርድበት ጊዜና ካባራ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

በረዶ ለምን ደጋውን ይመርጣል?

በረዶ የሚፈጠረው ወደ ላይ በሚገዝፍ ጥቁር የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። ከምድር የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር የውሃ ነጠብጣቦችን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ሆነው የሰማይ ክፍል ይዞ ይወጣል። በዚያም ጠጣር የሆነው ፍሬ በዙሪያው ያለውን እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ እየሰበሰበ ይወፍራል። ወደ ላይ የሚገፋው አየር ሊሸከመው ሲሳነው ወደ ምድር ይወርዳል።

በእኛ አካባቢ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በቆላ የሚወርድ በረዶ ከዚያ ተነሥቶ ረጅም የሞቃት አየር መንገድ ስለሚጓዝ አብዛኛው መሬት ሳይደርስ ይቀልጣል። እንደ ደብረ ብርሃን፣ እንደ መንዝና እንደ ጉና ተራራ ግርጌ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ግን መንገዱ አጭር ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ጣሪያ ላይ የሚያርፈው፣ ካረፈም በኋላ በቀዝቃዛው አየር ምክንያት ቶሎ የማይሟሟው ስለዚህ ነው።

ግድቡ እንዴት ይሠራል?

የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ የማያስገባው እንደ ጀሪካን ስለተደፈነ አይደለም። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ስለተደራረበና ውሃው ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። የላይኛው ቆርቆሮ ውሃውን ለታችኛው ያቀብላል፤ የታችኛው ለአሸንዳው፤ አሸንዳው ለመውረጃ ቱቦው። ይህ የቅብብል ሥርዓት የሚጸናው ውሃው እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ ነው። ውሃው አንድ ቦታ ቆሞ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ መደራረቢያው መከላከያ መሆኑ ቀርቶ መግቢያ በር ይሆናል።

በረዶ ይህን ሥርዓት በሦስት ቦታ ይሰብረዋል። የመጀመሪያው የመውረጃ ቱቦው አፍ ነው። ጥቂት የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀድሞ ካለበት፣ የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ፍሬዎች በቅጠሉ ላይ ተጠራቅመው እንደ ቡሽ ይደፍኑታል። ሁለተኛው አሸንዳው ራሱ ነው፤ ከጣሪያው እየተንሸራተተ የሚመጣው በረዶ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ሦስተኛው ሁለት የጣሪያ ተዳፋቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ቦይ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው በረዶ እዚያ ይከመራል። በረዶው ላይ ዝናቡ ሲቀጥል ውሃው ከክምሩ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ከመደራረቢያው በላይ ሲደርስ በቆርቆሮዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ማገሩ፣ ከማገሩ ወደ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱም ወደ ግድግዳው ይወርዳል።

በቁጥር ሲታይ

የችግሩን መጠን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ከባድ ዝናብ ቢጥል 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው።

አሁን በረዶውን እንጨምር። የአንድ ቤት አንዱ ተዳፋት 8 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ስፋቱ 32 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ላይ የ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ቢያርፍ 640 ሊትር መያዣ የሚሞላ ክምር ይሆናል። በዚያው ተዳፋት ሥር ያለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸንዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሞላ የሚይዘው 144 ሊትር ብቻ ነው። በረዶው ከአሸንዳው አቅም ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቀንሰን ብናሰላ፣ 1 ሜትር ኩብ የተከመረ በረዶ በግምት 550 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአንድ ተዳፋት ላይ ያረፈው የ2 ሴንቲ ሜትር በረዶ እንግዲህ ከሦስት ኩንታል ተኩል ያላነሰ ነው። በበረዶ የተሞላ አሸንዳ ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ደግሞ ብቻውን ከ130 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በየሁለት ሜትሩ በአንድ ቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ አሸንዳ ይህን ሸክም አይችልም፤ ተገንጥሎ ይወድቃል ወይም ጎብጦ ይቀራል። የጎበጠ አሸንዳ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል።

ጉዳቱ ከኮርኒስ አያልፍምን?

በኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። በከተማ ቤት ትልቁ አደጋ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኮርኒስ በላይ የተዘረጋ ሽቦ ውሃ ሲነካው ግድግዳውም፣ ቆርቆሮውም ኤሌክትሪክ ሊይዙ ይችላሉ። በጭቃ በተመረገ ቤት ደግሞ ውሃው ምርጉን አላልሶ ከእንጨቱ ያላቅቀዋል፤ ከመሠረቱ አጠገብ የሚወርደው ጠፈጠፍም የቋሚውን ሥር ያበሰብሳል።

ለአርሶ አደሩ ሁሉን የሚበልጠው ጉዳት በጎተራና በጆንያ ላይ የሚደርሰው ነው። ክረምት ካለፈው ዓመት የተረፈው እህል እስከ መኸር ቤተሰቡን የሚያሻግርበት፣ ለመዝራት የተመረጠው ዘርና ዩሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡበት ወቅት ነው። ለክምችት የሚቀመጥ እህል የእርጥበት መጠኑ ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። አንድ የረጠበ ጆንያ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ከቆየ ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ ሻጋታውንም ለጎረቤቱ ጆንያ ያጋባል። ዩሪያ እርጥበት ስቦ ይጋገራል፤ ሲሚንቶም በጆንያው ውስጥ ይደርቃል። በጥቂት ብር የሚስተካከል አሸንዳ በቸልታ ሲታለፍ፣ የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ሊያስከፍል ይችላል።

ከክረምት በፊት የሚሠራ ሥራ

ለጣሪያ ጥገና ተስማሚው ጊዜ በረዶው ከመጀመሩ በፊት ያለው ደረቅ ቀን ነው። በበልግ ዝናብ አካባቢዎች ሥራው በጥር፣ በሌሎች አካባቢዎች ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

*አሸንዳና መውረጃ ቱቦ።* አሸንዳው ከቅጠል፣ ከአፈርና ከወፍ ጎጆ ይጽዳ። ከዚያም በአንድ ጫፍ ባልዲ ውሃ አፍስሶ መመልከት ነው፤ ውሃው ሳይቆም ወደ ቱቦው ከሄደ ተዳፋቱ ትክክል ነው፤ መሐል ላይ ከቆመ ያ ቦታ ጎብጧል። በየአንዱ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ቱቦው ማዘንበል ይኖርበታል። መያዣ ብረቶቹ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢደረጉ የበረዶውን ክብደት ይችላሉ። ርዝመቱ ከ10 ሜትር የሚበልጥ አሸንዳ በሁለቱም ጫፍ መውረጃ ቢኖረው አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይረዳል።

አንድ ነገር በተለይ ሊዘነጋ አይገባም፤ የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከቤቱ በኩል ካለው ከንፈር ዝቅ ማለት አለበት። እንዲህ ከሆነ አሸንዳው በበረዶ ቢሞላም ትርፉ ውሃ ወደ ግቢው ይፈስሳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። ብዙ ቤቶች የሚያፈስሱት ለውበት ሲባል የውጭው ከንፈር ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ነው።

*ቆርቆሮ።* አዲስ የሚያለብስ ሰው የቆርቆሮውን ጌጅ ይጠይቅ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይወፍራል፤ ባለ 35 ደግሞ ከሁለቱም የሳሳ በመሆኑ በበረዶ በቀላሉ ይጎደጉዳል። በጎን በኩል የሚደረገው መደራረብ አንድ ሞገድ ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች የሚደረገው ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የጣሪያው ተዳፋት አነስተኛ ከሆነ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ሚስማር የሚመታው ውሃ በሚሄድበት በሞገዱ ዝቅታ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው፤ ከራሱ ሥርም ጎማው መኖር አለበት። ፀሐይ ያደረቀውና የተሰነጠቀ ጎማ ይቀየር። ዝገት የጀመረው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ።

*በግድግዳ የተከለለ ጣሪያ።* በከተሞቻችን ጣሪያውን ከፊት እንዳይታይ በግድግዳ ከልሎ አሸንዳውን ከውስጥ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። መልኩ ያማረ ቢሆንም በረዶ ለሚበዛበት አካባቢ አስቸጋሪ ነው፤ መውረጃው ሲዘጋ ውሃው የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢጠራቀም ክብደቱ አንድ ኩንታል መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ስለዚህ ከለላ ግድግዳው ላይ፣ ከአሸንዳው ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይበጅለት። ከዚያ ቀዳዳ ውሃ ሲወርድ ማየት ደግሞ ዋናው መውረጃ ለመዘጋቱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

*የሣር ክዳን።* የሣር ክዳን ቤት አሸንዳ ስለሌለውና ተዳፋቱ ስለሚበዛ በረዶ እምብዛም አይገደብበትም። ችግሩ ክዳኑ ሲያረጅ ነው፤ የሳሳውና የጎደጎደው ቦታ በረዶውን ይይዛል፤ ቀስ ብሎ የሚቀልጠው ውሃም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሣሩ ታጭዶ በሚደርቅበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሳሳውን መሙላት፣ በተለይም ጉልላቱ ዙሪያ ያለውን ማጠናከር ተገቢ ነው።

በረዶው እየወረደ ሳለ

በዚህ ሰዓት የመጀመሪያው ደንብ ጣሪያ ላይ አለመውጣት ነው። በረዶ ያዘለ ደመና መብረቅም ያዘለ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መቆም በራሱ አደገኛ ነው፤ በረዶ ሲጨመርበት እግር የሚይዝበት ነገር የለም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ ኮርኒስ ለማዳን ሲባል ሕይወትን ማጣት አይገባም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ ግን የሚሠራ ሥራ አለ፦

- ውሃ በመብራት፣ በማብሪያ ማጥፊያ ወይም በሶኬት አጠገብ ከታየ፣ እጅ ደረቅ መሆኑን አረጋግጦ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት። ማጥፊያው ራሱ ከረጠበ ወይም ወለሉ ውሃ ካቆረ አለመንካትና የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን መጥራት።
- እህል፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መጻሕፍትና ሰነዶች ከግድግዳ ማራቅና በላስቲክ መሸፈን። ጆንያ ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ማስቀመጥ።
- ኮርኒሱ ውሃ አቁሮ እንደ ከረጢት ከተነፋ፣ ከሥሩ ሰው አለማሳለፍ። የመብራቱ ኃይል ከጠፋ በኋላ ከዳር ቆሞ በረጅም እንጨት ትንሽ ቀዳዳ መብሳትና ውሃውን በባልዲ መቀበል፤ አለበለዚያ ኮርኒሱ ሁሉ ሊወድቅ ይችላል።
- ውሃው የሚንጠባጠብበትን ቦታ በከሰል ወይም በጠመኔ ምልክት ማድረግ። ይህ ምልክት በኋላ ለጠጋኙ ትልቅ መረጃ ነው።

ልጆች ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንዳይቆሙ መከልከል ያሻል። በጣሪያው ላይ የተጋገረው በረዶ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አሸንዳውንም ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ካባራ በኋላ ግድቡን መክፈት

ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ይበቃል፤ ፀሐይ ከወጣች በረዶው በራሱ ይቀልጣል። ሌላ ደመና እየመጣ ከሆነ ግን ግድቡን ቀድሞ መክፈት ይመረጣል። ሥራው የሚጀመረው ከታች ነው፤ የመውረጃ ቱቦው ታችኛ ክርን የሚፈታ ከሆነ ፈትቶ የተጠቀጠቀውን በረዶ ማውጣት። ቀጥሎ ቱቦውን በእንጨት ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይከፍተዋል።

ወደ ላይ መውጣት ካስፈለገ መሰላል በጠንካራ መሬት ላይ ይቆም፤ 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከሥርም ሁለተኛ ሰው ይያዘው። ወደ ቤቱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚያ ወገን ከሆነ መሰላሉን ወደዚያ ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም። በመሰላሉ ላይ ሆኖ በረዶውን በመውረጃው አፍ ዙሪያ በእጅ ወይም በእንጨት መጥረጊያ ማውጣት በቂ ነው፤ አንድ ክንድ ያህል መንገድ ከተከፈተ ቀሪውን ውሃው ራሱ ይሠራዋል።

ሦስት ነገሮች ይወገዱ። አንደኛ፣ አካፋ፣ ዶማና መጥረቢያ፤ የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ይልጣሉ፤ የተላጠው ቦታ ቀድሞ ይዝጋል። ሁለተኛ፣ ጨው፤ በረዶ ያቀልጣል፤ ነገር ግን ብረትን አጥብቆ ያዝጋል፤ ከታች ያለውንም አትክልት ይጎዳል። ሦስተኛ፣ በጣሪያው መሐል መራመድ። ግድ ሆኖ የሚወጣ ሰው ጣሪያው ከደረቀ በኋላ፣ ሥሩ እንጨት ባለበት በሚስማሮቹ መስመር ላይ ብቻ ይርገጥ።

የሚያፈስሰውን ቦታ መለየት

ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ብዙ ክንድ ያህል ርቆ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ከምልክቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ መሆን አለበት። በፀሐያማ ቀን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መመልከት ይረዳል፤ እንደ ኮከብ የሚበራ ነጥብ ከታየ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ቀዳዳ ካልታየ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በየደረጃው ውሃ እያፈሰሱ መሞከር ይቻላል። በተራ ውሃ የማያፈስስ፣ አሸንዳው በጨርቅ ተደፍኖ ሲሞላ ግን የሚያፈስስ ቤት በሽታው ከአሸንዳው ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ደህና ቆርቆሮ ነቅሎ አላስፈላጊ ወጪ ከማውጣት ያድናል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊቶች ዝናብ ሳይጥል ከቆርቆሮው ውሃ ሊንጠባጠብ ይችላል። ይህ ፍሳሽ ሳይሆን የጣሪያው ላብ ነው፤ የሰው ትንፋሽና የምድጃ እንፋሎት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃ ይለወጣል። መፍትሔው ሬንጅ መቀባት ሳይሆን እንፋሎቱ የሚወጣበት የአየር መተላለፊያ ማበጀት ነው።

ትንንሽ ቀዳዳዎችን በሬንጅና በጨርቅ መድፈን ክረምቱን ለማሻገር ይጠቅማል፤ ቦታው ግን ደረቅና ንጹሕ ሊሆን ይገባል። ዘላቂው ጥገና ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር የሚገባ ቁራጭ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ቁራጩ ከላይ ተለጥፎ ብቻ ከቀረ ራሱ ሌላ ግድብ ይሆናል።

የረጠበ እህል

የረጠበውን ጆንያ ከደረቀው ወዲያው መለየት የመጀመሪያው ተግባር ነው። እህሉ በሸራ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ይድረቅ፤ ባዶ መሬት ላይ ማስጣት እርጥበትና አፈር ይጨምርበታል። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚል እህል ደርቋል ማለት ነው። የሻገተውን አጥቦ ወይም ፈጭቶ መብላት አይገባም፤ በተለይ በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ በምግብ ማብሰል አይጠፋም። ለላም ቢሰጥ በወተቷ አልፎ ወደ ልጆች ይደርሳል።

በበረዷማ አገር የሚኖሩ ወገኖች

በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በካናዳና በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚገጥማቸው የበረዶ ግድብ መንሥኤው ለየት ይላል፤ አሠራሩ ግን ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። በዚያ በጣሪያው ላይ ለሳምንታት የሚቆየው ለስላሳ በረዶ ከቤቱ በሚያመልጥ ሙቀት ከሥሩ ይቀልጣል፤ ውሃው ወደ ቀዝቃዛው ጠርዝ ሲደርስ ተመልሶ ይረጋል። እየወፈረ የሚሄደው ጠርዝ ከኋላው የሚመጣውን ውሃ አግዶ ወደ ቤት ያስገባዋል።

መድኃኒቱም ከውስጥ ይጀምራል፤ ሙቅ አየር ወደ ጣሪያው ሥር የሚያመልጥባቸውን ስንጥቆች መድፈን፣ የሙቀት መከላከያውን ማወፈር፣ ጣሪያው ሥር ቀዝቃዛ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ። በረዶው እንደወረደ መሬት ላይ ቆሞ በረጅም እጀታ መሳቢያ ከጠርዙ ላይ መጎተት ይመከራል። የረጋውን በመጥረቢያ መፈንከት ጣሪያውን ያበላሻል፤ በእንፋሎት ማቅለጥ የባለሙያ ሥራ ነው። ጣሪያ ሲታደስ ደግሞ ከጠርዙ ጀምሮ ከውጭው ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ማስደረግ ይጠቅማል።

ከክረምት እስከ ክረምት

የጣሪያ ጥበቃ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በጥርና በግንቦት መካከል መመርመርና መጠገን፤ በሰኔ መጀመሪያ አሸንዳውን ዳግም መጥረግ፤ በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ፣ ከእያንዳንዱ በረዶ በኋላም የመውረጃውን አፍ ማየት፤ ከመስቀል በኋላ የተጎዳውን መዝግቦ ደረቁን ወቅት ለጥገና መጠቀም ያስፈልጋል። ጣሪያው ላይ የሚያንዣብብ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ መቁረጥ፣ ከአሸንዳው የሚወርደውንም ውሃ በቦይ ከመሠረቱና ከጎረቤት ግድግዳ ማራቅ የሥራው አካል ነው። አቅም ያለው ሰው ውሃውን በሮቶ ቢያጠራቅመው ለከብትና ለጓሮ አትክልት ይሆናል፤ አስቀድሞ ግን ጣሪያውን ያጠበው የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

በረዶን ማስቀረት አይቻልም፤ ውሃው መውጫ እንዳያጣ ማድረግ ግን ይቻላል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ለጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በደረቁ ቀን ከአሸንዳው የሚወጣው አንድ እፍኝ ቅጠል ነገ በበረዶው ቀን አንድ ጎተራ እህል ያድናል።